ትከሻዋን ሲነካ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ? እዚያ አገሩ ሙቀት ነውና ብርድ ያመጣብሽ ነገር ሁሉ ለቆሽ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከእጄ መሰነጣጠቅ በቀር ደህና ነኝ። እኛ ደህና ነን ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ስርዙን ታይዋለሽ። ወረቀት ልቀይር አልኩና ተውኩት። እስከ ዛሬ ለአንቺ የላክኩትን ደብዳቤ ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው የጻፍኩት፤ መጀመሪያ የሆነውን፣ ቀጥሎ የሚላከውን። ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛውን ዛሬ አልጽፈውም።

ልጅሽ እዚሁ ክፍሉ ውስጥ ናት። በሩ አጠገብ ባለው ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ለምን እዚያ እንደተቀመጠች እነግርሻለሁ፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ ማስረዳት አልችልም። እሑድ ረፋድ ነው፤ ሥራ የለኝም። ጊዜ አለኝ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ፣ ጸጉሯ ገና ነው አይደል? ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱን ያዘገየሁት ስለረሳሁት አይደለም።

አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ የሆነውን አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም፤ እሷማ ጭራሽ። ሁለት ዓመት አለፈው። ስድስት ዓመቷ ነበር። የካፖርትሽን ጫፍ ይዛ አልለቅም አለች። ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሰው ሁሉ በመስኮት ያያል። አንቺ ቁጢጥ አልሽና አንዷን የጸጉሯን ዘለላ በሁለት ጣትሽ ስበሽ ወደ ታች አወረድሻት። ጆሮዋን አለፈች። ስትለቂያት ተመልሳ ተጠቀለለች። ጸጉርሽ ትከሻሽን ሲነካ እመጣለሁ አልሻት። እውነት? አለችሽ። እውነት ነዋ፣ እናት ትዋሻለች እንዴ? ብለሽ ሳቅሽ። ያኔ ጨርቁን ለቀቀች። አውቶቡሱ ሲወጣ አላለቀሰችም። እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ቆመች፤ የሚያድገውን አሁኑኑ በመዳፏ ልትሰማው የፈለገች ይመስል።

ቁንዶ ብለሽ ስም ያወጣሽላት አንቺ ነሽ። ስትወለድ፣ ጭንቅላቷ ቁንዶ በርበሬ የተዘራበት ይመስላል ብለሽ። ከርዳዳ ጸጉር ምን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ያንቺን ከአራት ዓመትሽ ጀምሮ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጉልበቴ መሃል አስቀምጬ፣ አንገትሽን እያቀናሁ፣ ስትነጫነጪ በሚዶው ጀርባ ትከሻሽን ቸብ እያደረግኩ። ይረዝማል፤ ግን ርዝመቱን አያሳይም። አንድ ስንዝር አድጎ አራት ጣት ነው የሚመስለው። ይህን እያወቅሽ ለልጅ በጸጉሯ ቀጠሮ ሰጠሻት። እያወቅሽ ነው ወይስ ሳታስቢው? ይህን ጥያቄ ይዤ ስንት ቀን በአውቶቡስ ሥራ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሳታስቢው ነው ስል ይቀለኛል። ከዚያ ሁለተኛውን ነገር አስታውሳለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ብርድ ሲገባ ስልክ ደወልሽ። ትዝ ይልሻል? አንዷን ዘለላ እስከ ትከሻዋ ጎትታ፣ ነካ! እማዬ ነካ! እያለች ጮኸችብሽ። አንቺ ትንሽ ዝም አልሽና ሳቅሽ። ወይ ቁንዶ፣ ተጎትቶማ አይቆጠርም፤ ሳይጎተት ነው እንጂ አልሻት። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና ሄዳ መስኮቱ ሥር ቆመች። ሳይጎተት፣ አለች ለራሷ። ሳይጎተት።

ያቺ ትንሽ ዝምታሽ ናት ሁለተኛው ነገር።

አንቺ እዚህ የቆየሽው ሦስት ቀን ነው፣ ያውም ብርዱ ሳይገባ። ስለዚህ አታውቂውም። ጠዋት ስወጣ የአፍንጫዬ ውስጥ ሲኮማተር ይሰማኛል። የበሩ የብረት እጀታ ጓንት ያላደረገ እጅ ይዞ ያስቀራል። ውጭው እንዲህ ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ማሞቂያው ያለውን እርጥበት ሁሉ ይጠጣዋል። ከርዳዳ ጸጉር በሁለቱ መሃል ገብቶ ጭድ ይሆናል። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። እንደለመድነው በየሦስት ቀኑ አጥባት፣ አበጥራት፣ ሠርቼ እልካት ነበር። ጫፉ ተሰነጠቀ። የሱፍ ኮፍያዋም በላው፤ ስታወልቀው ውስጡ ጥቁር ፍርፋሪ ይቀራል።

ከዚያ ተማርኩ። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ ለብ ባለ ውሃ። ደርቆ አይበጠርም፤ ርሶ፣ በጣት፣ ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር። እርጥበቱ ሳይወጣ ዘይት፤ ዘይቱ ውሃውን ውስጡ ይቆልፍበታል። ከዚያ ስምንት ቦታ ከፍዬ እጠመዝዘዋለሁ፤ ጫፍ ጫፉን ወደ ውስጥ እሸጉጠዋለሁ፤ ብርድ መጀመሪያ የሚነክሰው ጫፉን ነውና። ሳይደርቅ ከቤት መውጣት የለም፤ ይህ ሕግ ነው። ለኮፍያዋ ከውስጥ ገበር ሰፋሁላት። የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ ካፖርት ነበር፣ ገበሩ የሚያንሸራትት ለስላሳ ጨርቅ፤ አለቃዬ ውሰጂው አለኝ። ከተረፈው ለትራሷ ልባስ ወጣ። ማሞቂያው ላይ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ አስቀምጣለሁ፣ አየሩ እንዲለሰልስ። ኮፍያዋን ስትለካው፣ አክስቴ፣ ጭንቅላቴ ካፖርት ለበሰ አለችኝ። ስቀን ነበር ያን ቀን። ብዙ ስቀናል፤ ይህንንም እወቂው።

በደንብ ነበር የያዝኩት። የምጽፈው ልኩራራ ብዬ አይደለም። ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ፣ አላወቀችበትም እንዳትይ ነው።

ጸጉሩም አደገ። በመታጠቢያ ቀን፣ ውሃ ሲጠግብ፣ በራሱ ክብደት ይወርድና ትከሻዋን ይነካል፤ ማንም ሳይጎትተው። ከዚያ መድረቅ ይጀምራል። ትከሻ፣ አንገት፣ ጆሮ። መስተዋቱ ፊት ቆማ ሲወጣ ታየዋለች፤ ምሳዋን ትተዋለች፣ ሲወጣ ለማየት። አንድ ቅዳሜ፣ ይሄ ለምን ይሸሻል? አለችኝ። አይሸሽም፣ ይሰበሰባል እንጂ አልኳት። ማንን ፈርቶ? አለችኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ አቋርጬ ነበር። ቁንዶን ሳል ይዟት ነው። ሾርባ አሙቄ ሰጠኋት። እንፋሎቱ እንዳይነካት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ሳህኑን በእጇ ርዝመት አርቃ፣ በማንኪያ ጠጣችው። ለምን እንደሆነ ይገባሻል፤ ቆይ።

ዘንድሮ ብርዱ ሊገባ ሲል ደብዳቤሽ ከነፎቶው መጣ። አምሮብሻል። ፊትሽ ሞላ ብሏል፤ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። ቁንዶ ፎቶውን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ፣ ሶፋው ሥር ጥጉ ላይ ያለው ጫማ የማን ነው? አለችኝ። እኔ አላየሁትም ነበር። አውራ ጣት የምታህል ነጭ ጫማ፣ አንድ እግር። የጎረቤት ልጅ ጥሏት ሄዶ ይሆናል አልኳት። እማዬ ጎረቤት አላት? አለች። ጎረቤት የሌለው ማን አለ አልኳት። ፎቶውን አልጋዋ ራስጌ ለጠፈችው። ጥጉን ግን ወደ ኋላ አጥፋ ነው የለጠፈችው።

ደብዳቤውን ያነበብኩላት እየዘለልኩ ነው። የዘለልኩትን ታውቂዋለሽ፤ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ጸጉር ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው በያት። አንቺም እህቴ፣ ጸጉሯን ከልክ በላይ አትንከባከቢው፤ ልጅ አይደለች፣ ትረሳዋለች። እንዲህ ይላል፣ በአንቺ እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ትረሳዋለች የሚለው ጸጉሩን ነው ወይስ ቀጠሮውን ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው? ልጠይቅሽ ስልክ ደወልኩ። አንድ ወንድ አነሳው። ማን ልበላት? አለኝ። ትሕትና ያለው ድምፅ ነው። እህቷ ነኝ ለማለት አፌን ከፍቼ፣ እህት እንዳላት ይወቅ አይወቅ እርግጠኛ ስላልሆንኩ፣ ተሳስቼ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ አንድ ነገር አደረግኩ። አሁን አልጽፈውም። እደርስበታለሁ።

ብርዱ ገባ። ጸጉሯ ይሰበር ጀመር። ባለፈው ዓመት እንደነበረው ጫፉ አይደለም፤ ከመሃሉ። ከካፖርቷ ኮሌታ ላይ የጣት አንጓ የሚያህል ቁርጥራጭ እለቅማለሁ። ኮፍያውን ጠረጠርኩ፤ ገበሩን ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት። ውሃውን ጠረጠርኩ፤ እያፈላሁ አቀዝቅዤ አጠብኳት። ዘይቱን ለወጥኩ። ማታ ማታ የኮፍያው ገበር ረጥቦ አገኘዋለሁ፤ በረዶ ነው ብዬ ማሞቂያው ላይ አሰጣዋለሁ። በረዶ ከውጭ ነው የሚያረጥበው፤ ገበር ደግሞ ከውስጥ ነው። ይህን በእጄ ይዤው አላሰብኩትም።

አብራኝ የምትሠራውን ልብስ ተኳሿን በደብዳቤ አንስቼልሽ አላውቅም። ዕድሜዋ ወደ እናታችን የሚጠጋ፣ አንድ ዓይኗ በእንፋሎት የደከመ፣ አፏ ግን ያልደከመ ሴት ናት። እሷ አንሶላ ስትተኩስ እኔ እየዘረጋሁ አቀብላታለሁ። አንድ ቀን ጭንቀቴን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ገበሩን፣ ዘይቱን፣ ጎድጓዳ ሳህኑን። አንቺ ልጅ እያሳደግሽ ነው ወይስ ችግኝ? አለችኝ። ቁርጥራጩን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበርና አሳየኋት። በደህናው ዓይኗ አስጠግታ አየችው። ሳቋን ተወችው። ይሄ ብርድ ብቻ የሰበረው አይደለም አለች፤ እርጥብ ሆኖ ውርጭ ያገኘው ነው። ገመድ ላይ ረስተሽው ያደረ እርጥብ ፎጣ አጥፈሽ አታውቂም? ቀጭ ነው የሚለው፣ እንደ እንጨት። እርጥብ ጭንቅላቷን ነው የምትሰጃት። ተቆጣሁ። እኔ? ከቤቴ ደርቃ ነው የምትወጣው እትዬ! አልኳት። እንግዲያ ካንቺ ቤት ውጭም ውሃ አለ ማለት ነዋ አለችና አንሶላዋን ገለበጠች።

ይህ የሆነው ማክሰኞ ነው። ማታ ስገባ ልጠይቃት ነበር። ቤት የቤት ሥራዋን ጨርሳ፣ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ። አልጠየቅኳትም። ለምን እንዳልጠየቅኳት ስትደርሺበት ይገባሻል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልብስ ማጠቢያው ቤት ደወለ።

ሽርጤን ሳልፈታ ነው የሮጥኩት። ፌርማታው ላይ ቆማ ነበር፣ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው፣ ከሩቅ የሚመጡት አውቶቡሶች ሰው የሚያወርዱበት። ዘበኛው የራሱን ካፖርት አልብሷታል። ኮፍያዋ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። በየቀኑ እኮ ናት፣ እኔ አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነው አለኝ፤ እንደ ተከሰሰ ሰው ይናገራል። ደወል ሲደወል መጸዳጃ ቤት ትገባለች፣ ጭንቅላቷን ቧንቧው ሥር ታደርጋለች፣ ከዚያ እዚህ መጥታ ትቆማለች። ሁለት አውቶቡስ እስኪያልፍ ነው፤ ከዚያ ኮፍያዋን አጥልቃ ወደ ቤቷ። ማን ሊመጣ ነው? ስላት፣ እናቴ ትለኛለች። ዛሬ ግን ሦስት አለፈ፣ አራት አለፈ፤ ነይ ግቢ ብላት ወይ ፍንክች። ዛሬ አልሸሸም፣ እየው፣ ዛሬ አልሸሸም ትለኛለች።

አየሁት። ከጆሮዋ በታች ወርዶ፣ ትከሻዋን ነክቶ፣ እዚያው ቀርቶ ነበር። ማንም ሳይጎትተው። ውርጩ በርዝመቱ ይዞት።

ዘበኛው ካፖርቱን ሲያለብሳት እጁ ጸጉሯን ነክቶት ነበር። ጓንቱን ገልብጦ መዳፌ ላይ አራገፈው። አንድ ዘለላ፤ ቀጥ ያለ፣ እንደ ሽቦ። ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ አልሳብኩትም፣ ነካ ነው ያደረግኩት አለኝ። መዳፌ ውስጥ ሲሞቅ ቀስ ብሎ ተጠቀለለ።

ሳንባ ምች ነው አለ ሐኪሙ። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች። ላንቺ አልደወልኩም። ይህን ይቅር ካላልሽኝ አልፈርድብሽም። ያ ሰውዬ ቢያነሳው ምን እላለሁ ብዬ ነው፤ ይህ አንዱ ነው። ደግሞ ብትመጪ ብዬም ነው። አዎ። ልጅሽ በትኩሳት እየነደደች፣ ብትመጪስ ብዬ ፈራሁ።

ጸጉሯ ትራሱ ላይ ተፈትሎ ገመድ ሆነ። ነርሷ፣ ደግ ሴት ናት፣ ይላጭና ይረፍላት አለችኝ። ቁንዶ ዓይኗን ሳትከፍት በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች። በዚያ ትኩሳት። ጣቶቿን ከጸጉሯ ማላቀቅ አቃተን። ስለዚህ አልተላጨም፤ ዘይት አምጥቼ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ፣ በጣቴ ሁለት ቀን ሙሉ ፈታሁት። ከፊትና ከጎን ያለው ግማሹ ተሰብሯል። ከኋላ ኮሌታዋ ሥር የነበረው ተርፏል።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ አለ። ለምን ቁንዶዬ? አልኳት። እንዳልቆጣ አስማለችኝ። ከዚያ ጣሪያውን እያየች፣ አንቺ የምትቆርጪውን ውሃ ይመልሰዋል ብዬ ነው አለችኝ።

ይኸው ደረስኩበት።

ያን ቅዳሜ፣ ደብዳቤሽ ከመጣ በኋላ፣ ጫፉን ላስተካክል ብዬ የግማሽ ጣት ስፋት ቆረጥኩ። የተሰነጠቀ ጫፍ መቁረጥ ደንብ ነው፤ ካልተቆረጠ ስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ እውነት ነው። ግን ያልተሰነጠቀውንም ቆረጥኩ። በሚቀጥለው መታጠቢያ ቀን ደገምኩት። በሚቀጥለውም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስለምትቀመጥ አታይም ብዬ፣ የመቀሱን ድምፅ በመዳፌ አፍኜ፣ እያዜምኩላት። የቆረጥኩትን አልጣልኩትም፤ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ለምን እንዳስቀመጥኩት አትጠይቂኝ።

ሳላይሽ ቀርቼ መሰለሽ? አለችኝ፣ አልጋው ላይ ሆና። መስተዋቱ ውስጥ ታይ ነበር። ዝም ያለችው ደግሞ፣ የምቆርጠው አውቄ ነው፣ ለማደግ ይጠቅመዋል ብላ ነበር መጀመሪያ። በኋላ ግን አልመሰላትም። ግን አንቺ እንዳትከፊ አለችኝ።

አንቺ እንዳትከፊ።

ለራሴ የምነግረው ነገር ነበረኝ። አንቺ አትመጪም፤ ጸጉሯ ከደረሰ አለመምጣትሽን ታውቃለች፤ እንዳታውቅ እየጠበቅኳት ነው። ደብዳቤሽም እንዲህ አድርጊ ያለኝ መሰለኝ። ተሳስቼ ከሆነ ንገሪኝ። አልተሳሳትኩም። ግን ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መቀሱን ስይዝ እጄ አይሞቅም ነበር። እህቴ፣ እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሥራ ስመለስ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ መስኮታችንን አያለሁ፤ ያቺ ክብ ጥቁር ጭንቅላት መስታወቱን ተደግፋ ትታየኛለች። ማንንም እየጠበቀች ይሁን፣ የምትታየው ለእኔ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቤት ከገባን ሦስት ሳምንት ሆነ። መቀሱን ለተኳሿ ሰጠኋት፤ ለምን? አላለችኝም። ባለፈው እሑድ ጸጉሯን በክር ሠራሁላት። እናታችን ለእኔ ትሠራልኝ የነበረውን፣ አንቺ አትደርሺበትም። እያንዳንዷን ዘለላ ከሥሯ እስከ ጫፏ በጥቁር ክር ጥምጥም አድርጎ ማሰር ነው። እሳት የለው፣ ውሃ የለው፤ ሳምንት ሲከርም ጸጉሩ እንደታሰረ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ሳምንቱን ሙሉ ምን እያደረግኩ እንደሆነ አውቃለሁ። እሷም ሳታውቅ አልቀረችም፤ ኮፍያዋን እንቅልፍ ላይም አላወልቅ ብላ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ፈታሁት። ጉልበቴ መሃል ተቀምጣለች። ከኋላ ያለውን የመጨረሻውን ክር ስስብ ጸጉሩ ወረደ። አንገቷን አለፈ። ልብሷ ላይ አረፈ። እጄን አነሳሁ፤ እንደዚያው ቀረ።

ነካ? አለችኝ። አልጎተትሽውም አይደል? አለች፣ ሳትዞር። አልጎተትኩትም አልኳት። እጅሽን አሳዪኝ አለችኝ።

ሁለቱንም እጄን ከትከሻዋ በላይ አሳልፌ ፊቷ አቀረብኩላት። የተሰነጣጠቁ ባዶ እጆች። ገለባብጣ አየቻቸው። አልነካም ልላት እችል ነበር። ከኋላ ነው፣ አይታያትም፤ እስከሚቀጥለው ዓመት ከእኔ ጋር ትቆይ ነበር።

ነክቷል አልኳት።

ትጮሃለች ብዬ ነበር። እሺ፣ ብቻ አለች። ተነሥታ ካፖርቷን ለበሰች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ገበር ያለውን ኮፍያ ለራሷ አጠለቀች፤ ጸጉሯን ከኋላ አውጥታ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችው። ዱካውን ጎትታ በሩ አጠገብ አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። ቁንዶዬ፣ እማዬ እንድትሰማ መጀመሪያ መጻፍ አለብኝ አልኳት። ጻፊላታ፣ እኔ እጠብቃለሁ አለችኝ። አሁንም እዚያው ናት። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ቀና ትላለች።

በክር የተሳበ ጸጉር ሦስት ቀን ቢቆይ ነው፤ እርጥበት ካገኘው ከዚያም ያንሳል። ለዚህ ነው ከሾርባው እንፋሎት የሸሸችው። ይህ ደብዳቤ አንቺ ዘንድ ለመድረስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። የቀኑን ነገር አልነገርኳትም።

ነይ ብዬ አላዝሽም፤ አትምጪም አልልሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። የምትጽፊውን ለእሷ ጻፊው። ማንበብ ታውቃለች፤ ዘንድሮ ከክፍሏ አንደኛ ናት በንባብ። እኔ ከእንግዲህ እየዘለልኩ አላነብላትም። ሰላም ነሽ ወይ ብለሽ ጀምሪና ጫማው የማን እንደሆነ ንገሪያት፤ ስሙንም ጻፊላት። ከዚያ የፈለግሽውን።

እግዚአብሔር ቤትሽን በሰላም ይጠብቅልሽ። ወገብሽን ያጽናልሽ። ያቺን ነጭ ጫማ የምታደርገውን እግር ከእንቅፋት ይሰውርልሽ፤ ጸጉሩም ያንቺ ይሁን የአባቱ፣ ለብዙ ዘመን የሚታጠብ የሚበጠር ያድርገው። ስልኩን ለሚያነሳው ሰውም ሰላምታ ባቀርብ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ደብዳቤውን ፖስታ ሳጥን ውስጥ ለመክተት መውጣት አለብኝ። ለመውጣት ከበሩ ላይ ተነሺልኝ ልላት ነው። ካፖርቴን ለብሼ ቆሜአለሁ፤ ይህን የመጨረሻ መስመር የምጽፈው ቆሜ ነው፤ እስካሁን አላልኳትም።

ያንቺንም የእሷንም ጸጉር የሠራሁ፣
ታላቅ እህትሽ